የብርጭቆ ምስክር

አሥራ አራት መዝገብ፣ ገንዘቡ ለአራት፣
አምስት ባለሙያ፣ ጭቅጭቅ እስከ ራት፤
አዳማ ነው ቦታው፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
የሆቴል አዳራሽ፣ ማራገቢያው ታሞ፣ መጋረጃው ወርዶ።

ኢንጂነር ዋቅጅራ መነጽሩን ጠርጎ፣
«ነጥብ ነው የምንሰጥ፣ ምጽዋት አይደለም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
«ለታሪክ ሃያ አምስት፣ ለጉዳት ሠላሳ፣
ለሰነድ…» እያለ ቅጹን አነበበው፣ አንድም ሳይረሳ።
ቅኔ ማህሌቱ ውስጥ በዝናብ ለሚደቀን ለዚያ አሮጌ ሳፋ
ሣጥን የለውም ቅጹ፤
ልጽፍበት ብፈልግ ኅዳጉም አልሰፋ።

ዘጠነኛው መዝገብ የቆላ ጨርቆስ ነው።
እኔ ነኝ የሄድኩት፤ የኖራ ሴት ነኝ፣ ድንጋይ የማናግር፤
ባጃጅ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር።
ጉብታው ላይ ነጩ የነፋስ ተርባይን ክንዱን ሲያንቀሳቅስ፣
ከታች ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ሚስማሩ ለቆት፣ ያንኑ ነፋስ ሲቀምስ።

ጠባቂው ጋሽ ደበሌ በጓሮ አዞረኝ።
ከሰሜኑ ግንብ ላይ በእርሳስ የተሰመረ ሃያ ሦስት መስመር፣
በየመስመሩ ሥር ዓመተ ምሕረት፣ እሱ እንደሚቆጥር።
«የስንጥቁ ጫፍ የዚያን ጊዜ እዚህ ነበር፤ ይሄ ያቻምና፤
በየጥምቀቱ ማግስት እለካዋለሁ፤
እንደ ልጅ ቁመት ነው፤ ያድጋል ገና።»

ግንቡን አንኳኳሁት። ኖራ ድምፅ ይሰጣል፤ ይኼ ግን ደንቆሮ፤
ሲሚንቶ ለብሷል፣ እርጥበቱን አስሮ፤
ውሃው መውጫ ቢያጣ ድንጋዩን ይበላል፣ እንደ ነቀዝ አድሮ።
ከሥሩ በጣት የተጫረ፣ ያኔ እርጥብ ሳለ፦
«በሻህ ግንበኛ፣ ስለ ነፍሱ፣ ፷፱።»

በሻህ አባቴ ነው።
ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ውሃ በጣሳ አቀብዬዋለሁ።
ሲሚንቶውን ከየነጋዴው ለምኖ፣ በጋሪ አስጭኖ፣
ሳንቲም ሳይቀበል፣ ሁለት ወር ሙሉ ፀሐይ ላይ ተኮንኖ፣
ማንኪያውን በሱሪው ጠርጎ «ይኼስ ለዘላለም» አለኝ፣ ተማምኖ።

ለጋሽ ደበሌ ምንም አልተናገርኩም።
ስንጥቁ ላይ ቀጭን ብርጭቆ አጋድሜ፣ በጄሶ ለጠፍኩ፤
«ግንቡ ከተነሣ ይህች ትሰበራለች፤ ያኔ ደውልልኝ» አልኩ።

በቅጹ ላይ «የጉዳቱ ምክንያት» ከሚለው አጠገብ
«ቀድሞ የተደረገ የተሳሳተ ጥገና» ብዬ ጻፍኩ።
አራት ቃል። የሰው ስም የለበትም።
እጄ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲሚንቶ ሲሸተኝ አደረ።

ደንቡ፣ አንቀጽ ሰባት፦ «ዝምድና ያለው ሰው ከውሳኔ ይውጣ።»
ከግንብ ጋር ዝምድና ይቆጠራል ወይ? ብዬ ጠየቅኩ፣ ቆሜ።
ዋቅጅራ ሳቅ አለ። ሳቁን ሳይጨርስ ግን
«ውጪ ጠብቂ» የሚል ቃል ከአፉ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ስለ ማኅተም ሲከራከሩ ሰማሁ፤
ዶክተር ሕሊና «በእርሳስ የተጻፈ ማን ያረጋግጣል?» ስትል፣
ልመልስ አልቻልኩም፤
ከደጅ የቆመ ሰው ግንብ ነው፣ ምን ይበል?

ጨርቆስ አምስተኛ ወጣ።
ገንዘቡ ለአራት።

ሐምሌ አሥራ ስምንት፣ በዋዜማው ማታ፣
ዶፉ ከመስኮቴ ጋር ሲማታ፣
ስልኬ ጮኸ።
«ብርጭቆሽ ደህና ናት» አለ ጋሽ ደበሌ።
«ደህና ናት?»
«ፍንክች አላለች። ስንጥቁ እሷን ሸሽቶ፣ ወደ ግራ ታጥፎ፣
በአባትሽ ስም መሃል ወረደ፣ ፊደሉን ሰንጥቆ አልፎ፤
‹በ› እዚህ ቀረች፤ ‹ሻህ› ከዚያ ማዶ ነው።»

አባቴ መሆኑን ለማንም አልነገርኩም ነበር፣ በዚያ ሰፈር።

ዝናቡ በሁለታችንም ስልክ ውስጥ ሲወርድ ቆየ።
«ጥምቀት እስኪደርስ ልተወው?» አለ።
«አይ፤ አሁኑኑ ለካው፣ ጋሼ። ቀኑንም ጻፍበት።
እርሳሱን ጫን አድርገህ።
ለከርሞው ቅጽ፣ ሰነድ ነው።»